ሌላ ካለ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ካርቦን እያነጠፍኩ ከወረቀት በታች፣
ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን፣ ይህች እግሬ ስትመላለስ ሰነበተች።
አንዱ ቅጂ ለቢሮው፣ አንዱ ለባለቤቱ፣
ሦስተኛው የእኔ፣ ደብዛዛ ሰማያዊ፣ የማይነበብ ከነምልክቱ።

ዛሬ ኢፍቱ መጣች ከጤና ቢሮው፣ ልጄ የምትሆን፣
ጥቁር መስታወት መዳፌ ላይ አኖረች። «አቦ፣ ንካው» አለች፣
«ነክቶት የሞተ የለም እስካሁን።»

ነካሁት።
የእጅ መታጠቢያ፦ አለ፣ ወይም የለም።
የቆሻሻ በርሜል ክዳን፦ አለ፣ ወይም የለም።
«አለ፣ ግን ጎረቤት ተውሶታል» የሚል መልስ አያውቅም።
ካልመለስክ አያሳልፍህም፤ ኬላ ነው፣ ግን ፈታሹ አይለመንም።

ወረቀት ኅዳግ ነበረው፣ ከጎኑ ባዶ ቦታ፤
እዚያ ነው የጻፍኩት የሰውን ነገር፣ በስክሪፕቶ ጫፍ፣ በሹክሹክታ፦
«አሻ ሮብሌ፣ ሳምቡሳ ቤት። ዘይቱ ጠቁሯል፤
ማክሰኞ ልመለስ፤ እስከዚያ ልጇ ይሻለው ይሆናል።»
«የግመል ወተቱ ጢስ ጢስ ይላል፤
ዕቃው ታጥኖ ነው፤ ጉድለት እንዳይባል።»

ግን እውነት ከተነሣ፣ ወረቀትም ቅዱስ አልነበረ፤
ግንቦት ድንጋይ ሲያፈላ፣ ስንቱ ምግብ ቤት ከወንበር ላይ ተመረመረ!
የኒም ጥላ ሥር ሻይ ይዤ፣ ገንደ ቆሬን በሐሳብ ዞሬ፣
«ንጹሕ»፣ «ንጹሕ»፣ «ንጹሕ» ብዬ ፈረምኩ፣ አቧራ ሳይነካው እግሬ።
ይኸኛው ግን «የት ቆመሃል?» ይላል፤
ሳልነግረው ያውቃል።

ያረጀው ጥራዝ የት ይገባል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አንድ ምሽት ባቡር ጣቢያው ደጃፍ
ለውዝ ገዛሁ፤ መጠቅለያው ላይ የእኔው ፊርማ፣
የእኔው «ንጹሕ»፣ ቅባት የነካው ጫፍ።

ያን ክረምትማ እንዴት ልርሳው? ደቻቱ ሞልቶ ሲጎድል፣
«ውኃው ይሸታል» ብዬ ጻፍኩ። ሩቅያም ጻፈች፣ ከማዶ፣ ያንኑ ቃል።
ደምሰውም ጻፈ።
ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ፊርማ፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኙ፤
ጎን ለጎን ሆነው አልተያዩም፤ በአቧራ ብቻ ተገናኙ።
አተት ቀደመን። የማን ልጅ እንደሆነ ስሙን አልጽፍም፤
እናቱ ዛሬም ከፊራ ሎሚ ትሸጣለች፤ ሰላም ስትለኝ ዓይኗን አላይም።

«ዛሬ ቢሆን» አለች ኢፍቱ፣ ካርታውን በጣቷ እየከፈተች፣
«ሦስቱም ቀይ ነጥብ ይሆኑ ነበር፣ ሳይመሽ፣ በአንድ ቧንቧ ላይ» —
ፊቴን አየችና ዝም አለች።

ማክሰኞ፣ አሻ ቤት። አዲስ ዘይት፣ ቢጫ፣ ያበራል።
ልጁ ደጅ ላይ ጎማ ያንከባልላል።
አለ። አለ። የለም። አለ።
አውራ ጣቴ ወፍራም ነው፣ ሁለት ፊደል ባንዴ ይጫናል።
ኔትወርክ ጠፍቷል፤ «ግድ የለም፣ ይይዘዋል» ብላኛለች ኢፍቱ፣ «ሲመለስ ይልካል።»
ከታች፣ ከጥያቄው ሁሉ ጅራት፣ አንዲት ጠባብ ሣጥን አገኘሁ፤
«ሌላ ካለ» ትላለች። አርባ ፊደል ብቻ።
መነጽሬን ጠረግሁ፦

«አሻ ዘይት ቀይራለች። ልጁ ተሽሎታል። ክዳኑም አለ፣ ግን ጎረቤት