ያልነካሁት ቀን

ሦስተኛው ዙር ላይ ተኛሁ።
ኮምቦልቻ፣ የፋብሪካው ክበብ፤ ቆርቆሮው ከላይ እየጋለ፣
ለአፍታ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አፍታው ግን አሥራ አንድ ደቂቃ አከለ።
ስነቃ ሰዓቴ ዜሮ ነው። ከፊቴ ያለው የወልዲያ ልጅ
ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ አገጩን ደግፎ በእጅ፤
የሰረቀ እንጂ ያሸነፈ አይመስልም።
ዳኛው ሲያስፈርመን እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሳትዘጋጅ መጣች» ተባለ። እኔ!
አርባ ሌሊት፣ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከሲንጀሬ ተነሥቼ፣
የሰው ሱሪ አሳጥሬ፣ ቁልፍ ተክዬ፣ ሱቄን ዘግቼ፣
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ የመንገዱን መብራት ሲውጥ
ሰሌዳ ዘርግቼ የማድር፣ አንድ መክፈቻ ሳገላብጥ፤
መብራት ሲሄድ በስልክ፣ ስልኩ ሲሞት በቃሌ፣
ትራሴ ስልሳ አራት ቤት፣ ወታደር ሲራመድ በአካሌ።
ጠዋት ግን ስነሣ፣ ድካሙ አለ፤ ጥናቱ የለም።

ጋሽ ሙሄ በማግስቱ ከሱቄ በር ላይ ቆመ።
አሰልጣኜ ነው፤ በአሰብ መስመር ተሳቢ ሲያሾፍር የኖረ፣
ቼዝን ወደብ ላይ፣ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ከመርከበኛ የተማረ።

«ሰዓዳ፣ አልቆጣሽም። ሐረጎን ወርደሽ ታውቂያለሽ?»
«ስንቴ!»
«በሚኒባስ አይደለም፤ አርባ ቶን ከኋላ አስረሽ።
ፍሬን ላይ የቆመ ሾፌር ታች ሳይደርስ ፍሬኑ ያልቃል፤
ገና ከላይ ማርሽ የቀነሰ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል።
ጌጤነህ የሚሉት ወዳጅ ነበረኝ፣ መሪ ይዞ የሚዘፍን።
ሦስት ሌሊት ሳያርፍ ነዳ።
እዚያች ጥምዝ ላይ አረፈ።»

ዝም አልን። ሰሌዳዬን አጥፎ በብብቱ ያዘ።
«ስምንት ቀን እኔ ዘንድ ነው።»
«ጋሼ፣ ውድድሩ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው!»
«ለዚያ ነው።

«ቼዝ ላይ ተራ መዝለል የለም፤ ቢጨንቅሽም ትሄጃለሽ፤
አንዳንዴ መሄድሽ ነው የሚገድልሽ፣ ብትቆሚ ትድኛለሽ።
እዚያ የተነፈግሽውን እዚህ ውሰጂ፤ ዝለይ አንድ ቀን።
የነኩትን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ አለመንካትን የከለከለ ማን?
አብሽሪ።»

መጀመሪያ አመመኝ። ካሬ ሸሚዝ የለበሰ ደንበኛ ሲገባ
ሜትሬን ትከሻው ላይ ረሳሁት፣ ፈረስ ደረቱ ላይ ሳስገባ።
በአምስተኛው ቀን፣ ከእህቴ ከመኪያ ጋር፣
ሐይቅ ወረድን፤ ዓሣ በላን፣ እግራችንን ነከርን ውሃው ዳር።
ስለ ዶሮ ዋጋ አወራን፣ ስለ ሰው ሰርግ፣ ስለ ምንም።
ይህም «ጨዋታ» እንደሚባል ረስቼው ነበር፤ ሰዓት የለው፣ ዳኛ አያሻውም።
ከዚያ ሣሩ ላይ ተኛሁ፣ አፌን ከፍቼ፤
መኪያ ስቃብኛለች አሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ
ዙሪያዬን አየሁ። ውሃው ቦታው ላይ ነው።
ማንም አላሸነፈኝም።

ሰሌዳው ሲመለስ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት፣ አርብ የለም።
በውድድሩም፣ ከዙር ወደ ዙር፣ ጋሽ ሙሄ ብርቱካን ይልጥልኛል፤
«ምን ሆንሽ?» አይልም፤ ስለ ዝናብ ያወራኛል።

አምስተኛው ዙር። ከፊቴ ያው የወልዲያ ልጅ።
ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊቱን በአውቶቡስ፣ ከዚያም በጥናት።
ተራው ሆኖ ሰዓቱ ሲቆጥር፣ አንገቱ ዘመመ ወደ ደረት።
አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት።
ከዚያ እጄን አነሣሁ፤ ዳኛው መጣ፤ «ቀስቅሰው» አልኩት።

ነቃ። አየኝ። ፊቱን በውሃ ታጥቦ ተመለሰ፤
በአርባ አንደኛው እርምጃ ንጉሤን አፈረሰ።

ያን ሌሊት፣ ተሸንፌ፣ እንደ ሕፃን ተኛሁ።
ሰኞ ሱቄን ከፈትኩ፤ ክምር ሱሪ ይጠብቀኛል።
ሰሌዳው መደርደሪያው ላይ ነው።
ማክሰኞ እነካዋለሁ።