ፊቱ የደበዘዘው ዘበኛ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ ያረፍዳል፤
ቺሎዬ ደሴት ላይ ክረምቱ ይረዝማል።
ጀልባዋ ካልመጣች መንገድ የለም ሌላ፤
ለአሥራ አንድ ተማሪ አለን አንድ ጥላ።
ለሽርሽር የሚሆን ሳንቲምም የለንም፤
“ዓለም ሰፊ ነው” ብሎ ማስተማር ግን አይቀርም።
ነጭ አንሶላ ሰቅዬ በጥቁር ሰሌዳ፣
በብርሃን ከፈትኩት የሩቁን ጓዳ።
መብራት ጠፍቶ ነበር የቀጠርኩት ሰኞ፤
ወደ ሙዚየሙ ገባን ማክሰኞ።

ባልቲክ ባሕር ዳር ነው፣ የድንጋይ ሕንጻ፤
ማንም አይፈትሸን፣ መግቢያውም በነጻ።
ማውሱን ስገፋው ወለሉ ይሸሻል፤
ጣቴን ሳነሳ ግን ዓለሙ ይቆማል።
አዳራሹ መሐል፣ በሽቦ ተሰቅሎ፣
የዓሣ ነባሪ አፅም
ቀን ከሌት ይዋኛል ውቅያኖስን ጥሎ።

ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ የጥርሱን ዓይነት
በሦስት ገጽ ጽፌ፣ ተዘጋጅቼበት፣
“እሺ፣ ምን ታያላችሁ?” ብዬ ስጠይቅ፣
ኤውላሊያ ተነሣች፣ ዓይኗ ሳይላቀቅ፦
“መምህርት፣ ያ ሰውዬ ፊቱን ምን ነካው?
ከአፅሙ ሥር፣ ወንበር ላይ፣ የተቀመጠው?”

አየሁት። ዘበኛ። ሰማያዊ ካፖርት፤
ጉልበቱ ላይ ቴርሞስ፤
መቶ ጊዜ አልፌው ያላየሁት ፍጥረት።
ጫማው ጥርት ብሏል፣ ማሰሪያው ሳይቀር፤
ፊቱ ግን ጭጋግ ነው፣ የጠዋት ወደብ ዳር።

“ምን አጥፍቶ ይሆን?” አለ ሌሳንድሮ ተክዞ።
“ማሽኑ ነው” አልኩት፤ “ካሜራ ሲዞር፣ ታዞ
የሰው ፊት ይሸፍናል። ፊት የራስ ገንዘብ ነው፤
ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም አያየው።”
“ዓሣ ነባሪውንስ ማን አስፈቀደው?”

ሦስቱ ገጽ ታጠፈ፤ መሳቢያው ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት? ማውሱን ተቀማሁ፤
እኔም ከልጆቹ ጋር ፊት ፍለጋ ወጣሁ።
ከደረጃው በላይ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ከየትም ቢታይ ያው፣ ፊት የለም በወግ።
አንዱ ስም አወጣለት፣ አንዷ ሚስት ዳረችው፤
ትንሹ አቤላርዶ “ዝም በሉ፣ ተኝቷል” አላቸው።

ደብዳቤ ጻፍን። ማሽን ቋንቋውን አዞረው፤
ምን ብሎ እንዳዞረው እግዜር ነው የሚያውቀው፦
“ከቺሊ ደቡብ ነን። ከዓሣው ሥር ያሉት አባት ደህና ናቸው?
ፊታቸው አልታየንም፤ ሰላም በሏቸው።”

ሦስት ሳምንት አለፈ። አራተኛው ላይ
ባንሶላችን ቆመ አንድ ሰው ሊታይ።
አፍንጫው ቀይ፣ ትልቅ፤ ቅንድቡ ጥጥ ክምር፤
ጉንጩ ላይ ጠባሳ፣ ሲስቅ የሚሰወር።
“ኢልማር እባላለሁ። ያ ቀን፣ ልንገራችሁ፣
ካሜራው ሲያልፍብኝ ተኝቼ ነው ያያችሁ።”
አቤላርዶ ጮኸ፦ “ብያችሁ ነበር!”
አንድ ወንበር ወደቀ፤ ሌላም ሊሰበር።
“ጡረታ ወጣሁኝ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤
እዚያ ግን ዛሬም ሐሙስ ነው፣ ሻዬም አልቀዘቀዘኝ።”

በሚንቀጠቀጥ እጁ ስልኩን እንደያዘ፣
ካሜራው ወዳልሄደበት ይዞን ተጓዘ።
ቀስት የሌለበት በር፣ ገፋ፣ ከፈተልን፤
ባልዲ፣ መጥረጊያ፣ ድመት፤ ሁሉን አሳየን።
ከመስኮቱ ውጪ ዝናብ፣ የእኛን የመሰለ፤
ጆሯችን የሁለት አገር ዶፍ ባንዴ ተቀበለ።

“አሁን” አለ ኢልማር፣ “ተራው የእናንተ ነው።
ሰው ሁሉ ሲጎበኝ፣ እኔ ወንበሬን ነው የማውቀው።
ውሰዱኝ።”

አንዷን ጥላችንን ለስልኩ ዘረጉ፤
እነሱ በስብሰው፣ ሊያሳዩት እየጓጉ።
“ይህ የአጎቴ ጀልባ! ይህ የእናቴ መረብ!
ያ ደግሞ ውሻው ነው፤ ይነክሳል፣ አትቅረብ!”

ከመድረሻው ጫፍ ላይ ኔትዎርኩ ደከመ፤
አፍንጫው፣ ጠባሳው፣ ቅንድቡ፣
ቀስ እያለ ጭጋግ ሆኖ ቆመ።

ኤውላሊያ ስልኩን ወደ ባሕሩ አዞረች፦
“ፊትዎን እኛ ይዘናል፤ እርስዎ ይመልከቱ” አለች።