ገጽ አሥራ ሰባት

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው በር፣
አንድ ማሽን አለኝ፣ ሲያስል የሚውል ሲያጣጥር።
መታወቂያ፣ ካርታ፣ የበሬ ሽያጭ ውል፣
ገጹን በሦስት ብር፤ ይኸው ነው የኔ ዕድል።

ባለፈው መስከረም፣ አንድ መንገደኛ
ያረጀ ጥራዝ ነገር ረስቶ ሄደ እኛ
ቤት።
ሽፋኑ ተገንጥሏል። ከላይ በእጅ ጽሑፍ፦
«የሴት ልብ መክፈቻ፣ ሃያ ሁለት ቁልፍ።»

ማን ሹክ እንዳላቸው እንጃ። በሳምንቱ ማታ
ሽባባው ባጃጁን አቁሞ ከጨለማ ቦታ፣
«ያ... ያ ነገር አለ?» አለኝ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየ፤
«የምን ነገር?» ስለው ፊቱ ተለያየ።
ሰጠሁት። ጠቅልሎ ከብብቱ ሸጎጠ፤
መቶ ብር ወረወረ፣ መልሱን ሳይቀበል ፈረጠጠ።

ቀጥሎ መምህሩ፣ ይግረማል፣ የፊዚክሱ፤
«ለወንድሜ ልጅ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቅ ራሱ።
ከዚያ የሚዛኑ ሰው፣ የበርበሬ ደላላ፤
አንድ ዲያቆን ደግሞ፣ ፊቱን በነጠላ
ሸፍኖ፤ ድምፁ ግን ያው የእሑድ ቅዳሴ።
ሚስት ሳይዝ አይቀስስ፤ አዘነችለት ነፍሴ።

አነበብኩት እኔም፣ ቶነር እየሞላሁ፤
ማሽኑ ያልበላውን በቃሌ አጠናሁ።
«ቁልፍ ሦስት። እሷ ስትስቅ አንተ ኮስተር በል።
ቁልፍ ዘጠኝ። ‹ዓይንሽን በሕልሜ አይቼዋለሁ› በል።
ቁልፍ አሥራ ሁለት። ደውላ አታንሳላት፤
እንደ ጠላ ጥንስስ ሦስት ቀን ይፍላላት።»

ገጽ አሥራ ሰባትን ማሽኑ አኝኮታል፤
ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሳላየው፣ እንደ ገለባ አድቅቆታል።
ሠላሳ አራት ወንድ ከፍሎ ወሰደ፣
«ጎደለ» ያለኝ የለም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ሄደ።

ከተማው ተለወጠ። በገበያው ቀን
ወንዱ ሁሉ ኮስታራ፣ እንደ ዳኛ ሆነብን።
ዱቄት የምትሸጠው ጓደኛዬ ትሁን
«ሦስት ሰው በሕልሙ ዓይኔን አየ፤ ምን ይሁን?»
አለችኝ። በሳቄ አንድ ደስታ ወረቀት ተበተነ።
ሽባባው ሦስት ቀን የልጅቱን ስልክ ዝም አለ፤
ባራተኛው ታጨች። ጥንስሱ ለራሱ ዋለ።

አንድ ማክሰኞ ነው። ካፊያ ነው። ሰው የለም።
ትዕዛዝ መጣ ስል፣ ስሙም ትዕዛዙ ነው፤
የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ቅንድቡ ዱቄት ያዘለው።
የጓደኛውን ቅጂ ዘረጋና ጣቱን አሳረፈ፦
«ከአሥራ ስድስት ዘሎ አሥራ ስምንት መጣ፤
ምን ነበር መሐሉ?» አለኝ፣ ሳይቆጣ።
«ማሽኑ በላው» አልኩት። «ታዲያ ገምቺ» አለ።
ከሠላሳ አራቱ እንዲህ ያለኝ የለ።

እኔ ምን አውቃለሁ? የሰው ቃል አባዢ!
«ምናልባት...» ስል መብራት ሄደ። ማሽኑ ሳሉን ተወ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ። ይሄዳል ብዬ ነበር፤
በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ስለ ወፍጮ ይነግረኝ ጀመር፦
«ጤፍ ሲገባ ያፏጫል፤ ዳጉሳ ሲገባ ያጉረመርማል፤
ድንጋዩ ሲደነዝዝ፣ ገና ሳላየው፣ ጆሮዬ ይሰማል።»
ዓይኔን በሕልሙ አላየም። አልኮሰተረም።
ደግሞ ጠየቀኝ፦ ሌሊት ማሽኑ ይጮህብሻል ወይ፣ በእንቅልፍሽ?
ይጮህብኛል። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

(ጣቱ መስታወቱ ላይ ዱቄት ትቶ ነበር።
እስካሁን አልወለወልኩትም። የፍርድ ቤት ክስ፣
የልደት ሰርተፍኬት ሳይቀር፣ ጥጉ ላይ አንድ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል።)

መብራት መጣ። ማሽኑ ሳለ፤ ባዶ ወረቀት ተፋ።
አናቱ ላይ «17» አልኩ፣ በእስክሪብቶ፣ ሰፋ ሰፋ፤
ሌላ የምጽፈው ጠፋኝ። አጥፎ ያዘና «ሒሳብ» አለኝ፤
ንግድ ነው መቼስ፣ «ሦስት ብር» አልኩኝ።
ሃምሳ ብር ዘረጋ። መሳቢያዬ ሙሉ ነው፣ ድፍን ሙሉ፣ ዝርዝር፤
«ዝርዝር የለም» አልኩት። «ነገ ና። መልሱ ይደር።»