ርብራብ

በፑንታ አሬናስ ነፋስ ደጅ አይጠናም፤
ይገባል፤ ካልገባም ጣራ ሳይነቅል አይተኛም።
ኤውሎሂዮ መጣ፣ ቀኝ እጁን ታቅፎ፣
እንደ ተኛ ሕፃን ክንዱ ላይ አሳርፎ።

ሸርጣን ሲፈለቅቅ ቢላው አዳለጠው፤
አንጓው ሥር ያለውን ያን ነጭ ክር በጠሰው።
ደሙ ቆመ፣ ቆዳው ገጠመ፣ ቁስሉ ሻረ፤
አውራ ጣቱ ብቻ ከሞቱት አደረ።

ዶክተር ዝላታር ከፍታ ብታየው
ወዲህ አንድ ጫፍ፣ ወዲያ አንድ ጫፍ፣ መሐሉ ባዶ ነው፤
አሥራ ሁለት ሚሊሜትር፣
ሁለት የስንዴ ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር።

ይህችን ታህል ገደል ማን ይሻገራታል?
ነርቭ እንደ ሐረግ ድጋፍ ይፈልጋል፤
ካጣ ባለበት ዞሮ ይቋጠራል።
ቱቦ ሰፋችለት ከሣር የቀጠነ፣
ውስጡ ርብራብ ነው፣ ቀዳዳው የተመጠነ።

"ከምን ተሠራ?" አለኝ ፋሻውን ስፈታ።
"ከሸርጣን ቅርፊት ነው" አልኩት በዝግታ፤
"በአሲድ ታጥቦ፣ ኖራው ወጥቶ፣ እንደ ዱቄት ልሞ።"
ሳቀ። ከዚያ መስኮቱን አየ፣ ዝም ብሎ፣ ቆይቶ፣ ደግሞ፦
"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅርፊቱን ባሕር ስጥል፣
ገዳዩን የሚያክም ሟች አላየሁም ነበር።"

በቀን አንድ ሚሊሜትር። ነርቭ ሩጫ አያውቅም፤
ቢጮኹበት፣ ቢለምኑት፣ አንዲት ጋት አይጨምርም።
የእኔ ሥራ አንዲት ቀጭን የናይለን ክር ናት፤
ዓይኑን አስጨፍኜ ጣቱን እነካባት።

ኅዳር። "ተሰማህ?" "የለም።"
ታኅሣሥ። ፀሐይ ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ አልጠለቀችም።
"ተሰማህ?" "የለም።"
ጥር። "የለም። ልዋሽልሽ?"
"አትዋሽ።"

ሌሊት አስበዋለሁ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣
ክሩ ግድግዳውን ይዞ ሲዳብስ፣
የያዘው ግድግዳ ከኋላው ሲሟሟ።
ለሕንፃ ርብራብ አፍራሽ ይቀጠራል፤
ይሄ ግን ማንም ሳይነግረው ራሱን ያፈርሳል፤
"ተባረክ" የሚለው ሳያገኝ ያልቃል።

መጋቢት መግቢያ ላይ አውራ ጣቱን ነካሁ።
"ቆይ" አለኝ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ። ቆየሁ።
"ነካሽኝ።"
"የቱ ጋ?"
"ሌባ ጣቴን።"

ሌባ ጣቱ አልነበረም። ዋጥኩት ንግግሬን።
መዝገቤ ላይ "ቦታ የሳተ" የሚል ሳጥን አለ፤
ሞላሁት፤ ሥራዬ ስለሆነ።
ግን በዚህ ነፋስ አቋርጦ የመጣ እንግዳ
የጎረቤት በር ቢያንኳኳ፣
አልመጣም ይባላል እንኳ?

"እንደገና" አለኝ።
ክሩን አነሣሁ።