ሁለት ጎማ

ከይስማው ጎሚስታ፣ ከዘንባባው ጥላ፣
ቆማለች ኮሮላ በክሪክ ተንጠልጥላ፤
ጀርባዋ ረጅም፣ ስቴሽን የሚሏት፣
ልጅ፣ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ በግ የተጫነባት።

ይስማው ሳንቲም አውጥቶ ከጎማው ጥርስ ከቶ፣
“አየህ ወይ፣ መምህር?” አለኝ አንገቱን አቅንቶ፤
“ጥርስማ የት አለው? ድድ ነው የቀረው፤
በዚህ ነው ጢስ አባይ ልጅ ጭነህ የሄድከው?”

ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ጨርሼ፣
ሰበቃን ያስተማርሁ ቀስት ስዬ፣ አብሼ፣
ምን ብዬ ልመልስ? ዝም አልሁ አጎንብሼ።

ሦስት ዓይነት አወጣ።
ያገለገለው አንዱ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣ፣
ጥቁር ቀለም ጠጥቷል ዕድሜው እንዳይወጣ፤
የቻይናው አዲስ ነው፣ ሽታው ያስነጥሳል፣
“ለከተማ አያንስም፣ ዓመት ያደርሳል”፤
የጃፓኑ ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ዋጋው የሚነገር በጆሮ፣ ዝቅ ብሎ።

ካገለገለው ጎን ቁጥር ብመለከት፣
“አሥራ ዘጠኝ ይላል፤ አርጅቷል!” ብልበት፣
“እሱ በፈረንጅ ነው፤ በኛ ስንቆጥርለት
ገና አልተወለደም!” ብሎ ሳቀበት።

እኔም ሳቅሁ። ርካሽ ነውና ልቤ ወደደው።
ባንቺአምላክ ግን ጎማውን በጫማዋ ነካችው።
“አባቴ ባለታንኳ ነበር” አለች፣ “ዘጌ ዳር፤
ደንገል ውሃ ከጠጣ፣ ላዩ ቢያምር፣ ቢያማምር፣
ሰው አይጭንበትም ነበር።”

ተስማማን በጃፓኑ።
ግን የዕቁባችን ገንዘብ ሁለት ነው የሚገዛው፤
አራት እግር አላት፤ የቱን እናጫማው?
“ፊት ነዋ!” አለ ይስማው፣ “ሞተሩ እዚያ ነው፣
መሪው እዚያ፣ ነጂው እዚያ፤ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚያስገባው።”

ባንቺ መልስ አልሰጠች። የኋላ በር ከፈተች።
የፍሬሰላምን አንድ እግር ጫማ አነሣች፣
የብርቱካን ልጣጭ፣ የተቀዳደደ ደብተር፤
“እዚህስ?” አለችን። “እዚህስ ማን ነበር?”

ያኔ ትዝ አለኝ ያ ቀስት፣ ያ ጠመኔ፤
የማውቀው ነገር ነው፤ ያወቅሁት ግን ያኔ።
“ፊት ሲንሸራተት መሪ ይመልሰዋል፣
ኋላ የሸሸውን ግን ማን አይቶ ይይዘዋል?
ከኋላ ግጠመው” አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፣
ክሪኩን ወደ ኋላ እየጎተተ ሳቀ።

ፊት ያሉት አሮጌዎች እስከ ሰኔ ይቆዩ፤
ባጃጅ ሁሉ ሲያልፈኝ ጎረቤቶቼ ይዩ።

የወለቁትን ጥንድ ባለጀልባ ወሰደ።
እሑድ ወደብ ሄድን፤ ማዕበል ወጣ፣ ወረደ፤
ጀልባው ጎን በገመድ ጎማዎች ተሰቅለው፣
እንጨትና ድንጋይ እንዳይላተሙ ይዘው።
“ያ የኛ ነው!” አለች ፍሬሰላም ዘላ።
የጎማ መልክ አንድ ነው፤ ራሰ በራ ሁላ።
እኔ ግን አልካድሁም። ጫማዋን አሰርሁላት፣
ጎማውን በእጇ ቻው እስክትለው ጠበቅኋት።