ቃል በቃል

ደንቡ አጭር ነው፤ ከመታወቂያዬ ጀርባ አንገቴ ላይ ይወዛወዛል፦
አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታብራሪ፤ የተባለው ብቻ ይባላል።

ዊኒፔግ ነው፣ የካቲት ነው፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰው የሚመረመርበት ምን ያህል እንደ ረሳ።
ጋሽ ቢረሳው ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ካፖርቴን አላወልቅም ያለ፣
የግራ ጉልበቱን እንደ ሕፃን እያባበለ።

«ሰሞኑን» አለች ዶክተር ማናሎ፣ «እንዴት ከረሙ?»
«ሆድ ይብሰኛል» አለ፣ «ማታ ማታ፣ መብራት ሲያጠፋ ጎረቤት።»
ሆዱ፣ አልኩ በእንግሊዝኛ፤ ይብስበታል፣ አልኩ፣ ምሽት ምሽት።
ጻፈች። «ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ በኋላ ሕመሙ?»

ሆድ እኮ፣ ዶክተር (ይህን አላልኩም፣ ጉሮሮዬ ላይ ነው የቀረ)
ቂም የሚያድርበት ጓዳ ነው፣ ምስጢር ተቆልፎ የኖረ፤
«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ሲሉ የኛ ሰዎች
ስለ ጨጓራ አይደለም።
ደንብ ግን ደንብ ነው። ዝም አልኩ። ቀጠሉ ጥያቄዎች።

«ሰዓት ይሳሉልኝ» አለች፣ «አሥራ አንድ ከአሥር የሚል።»
ተረጎምኩ፣ ቃል በቃል።
ክቡን ሳለ፣ ቁጥሩን ሞላ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፤
አጭሩን ቆጣሪ አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ ሲያስቀምጥ
የዶክተሯ ብዕር «ስህተት» አለ።
ስህተት!
እኛ ዘንድ ቆጣሪው አምስት ሲል አሥራ አንድ ብሎ ነው ሰው የሚያነብ፤
እጁ ላይ ያሰረውን ብረት በተለዋጭ ዘይቤ የሚፈታ ሕዝብ።
ይህንንም አላልኩም።

ከዚያ ምሳሌያዊ አነጋገር። «መስታወት ቤት የሚኖር ሰው ድንጋይ አይወረውርም፤
ምን ማለት ነው?»
ጋሽ ቢረሳው አሰበ። ውጭ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ያጓራል።
«መስታወት ቤት? በዚህ ብርድ? ማሞቂያው ስንት ይፈጃል!
እንኳን ድንጋይ፣ ሒሳቡ ሲመጣለት ራሱን ይወረውራል።»

ሳቅኩ። ሳቅ አይተረጎምም፤ ደንቡ ውስጥ የለውም ቦታ።
«ቃሉን እንጂ ፍቺውን አላገኘም» ብላ ጻፈች፣ በዝግታ።
ምጸት ነበር? ወይስ እውነት መስታወቱ ብቻ ታየው?
ይህን ነው የማላውቀው።

«እንደ» ካለበት ተነጻጻሪ፣ «እንደ» ከጠፋ ተለዋጭ ነው፣
ይሉን ነበር፣ ቲቸር ጥሩአየሁ፣ ጠመኔዎን ጆሮዎ ላይ ሰክተው።
እኔም በቀይ አስምሬ፣ አሥር ከአሥር አመጣሁ፤
«እንደ» የጠፋበትን ሰው ግን ገና ዛሬ አየሁ።

በመስኮቱ አሻግሮ «ጨው» አለ፤ «ምን ያህል ጨው ነው ያፈሰሱት!»
(በዚህ ብርድ ጨው አይሠራም፤ አሸዋ ነው መንገዱ ላይ የሚበትኑት።)
ጨው፣ አልኩ በእንግሊዝኛ። «እንደ» አልጨመርኩም።
አልደፈርኩም።

ፋይሉ ሲዘጋ፣ ለወጉ ያህል፣ አንድ ጥያቄ ወደቀ፦
«ስምዎ ትርጉም አለው?»
ጋሽ ቢረሳው ካፖርቱን አወለቀ።
«እናቴ ናት ያወጣችው። ታላቄን ኩፍኝ ወሰደባት፤
‹ሆዴ ቢረሳው› ብላ።
ሆዷ አልረሳም። ይኸው ዛሬ እኔ ረሳሁላት።»

አፌን ከፈትኩ። ሆዷ፣ አልኩ። ሌላ ቃል አልፈለግኩም፣
ልብም አላልኩ፣ ነፍስም።
ሆዷ አልረሳም፤ እሱ ረሳላት። ነጥብ።

ዶክተር ማናሎ አልጻፈችም።
ቆየችና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች፣
«ከምግብ በኋላ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች።

ሰዓቱን ግን አልነካችውም።
አምስት ላይ ቆሟል፣ ስህተት ተብሎ፣ ፋይሉ ውስጥ።
ለእሱና ለእኔ አሥራ አንድ ከአሥር ነው፤
ሊመሽ ነው።