የአሰልጣኙ በር

ዛሬም ጠዋት ደውለው «ምላጭ ይዘህ ና» አሉኝ፤
ካልሲ ሳላጠልቅ በረዶ ላይ ጣሉኝ።
መጋቢት ነው፤ ግግሩ በመንገድ ዳር ጠቁሯል፣
የበቆሎው ጎተራ በጭጋግ ተቀብሯል፤
እዚህ ቤልክናፕ ኮሌጅ፣ አዮዋ፣ ሜዳ መሃል፣
የአሰልጣኝ ስም ከመስተዋት የሚፋቅበት ሰሞን ደርሷል።

ስሙን የምጽፈው እኔ፣ የምፍቀውም እኔ፤
ሃርላን ቬንስትራ ነኝ፣ ይሄ ነው ኩነኔ።
በፊደል አራት ዶላር ነው፤ ስፍቅ ግን አልቀበልም፤
ሰው የወደቀበትን ብር ኪሴ መሸከም አይችልም።

ኦስትገን ሦስት ዓመት፣ ማክላቨርቲ ሁለት፣
ዊግንስ ሚስቱ መጋረጃ ሳትሰቅል በፊት፤
ሼልን ደግሞ ስሙ ሳይደርቅ ሌላ ኮሌጅ ጠራውና
ቀለሙ ጣቱ ላይ እንዳለ ጨበጥኩት፤ በል ደህና።

ሁሉም በተሾሙ ዕለት አንድ ንግግር ነበራቸው፦
«ያን ክብር እንመልሳለን።»
ሁሉም ቀና ይላሉ፤ ከጣሪያው ስር ዓይናቸው
አንድ ጨርቅ ላይ ያርፋል።
1968 ይላል፤
ብል በልቶት ስምንቱ ሦስት ይመስላል።

ያን ቡድን አውቀዋለሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ሰው ነበርኩ፤
በፍጻሜው ጨዋታ አንዲት ደቂቃ አልተሰለፍኩ፤
ፎጣ አቀበልኩ።
አዳራሹ ውስጥ በተሰቀለው ፎቶ፣ በስተግራ ጫፍ ላይ፣
ጆሮዬ ብቻ አለች፤ ቀሪዬን ክፈፉ በላው እንዳይታይ።
የከተማው ሰው ግን ነዳጅ ስቀዳ ይከበኛል፣
«አንተ እኮ ነበርክ ያኔ!» ይለኛል።
ነበርኩ።
ጆሮዬ ምስክር ናት።

ስለ ጌርሃርድ ሉትማን፣ ሐውልት ስለቆመለት ሰው፣
ሃምሳ ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ዛሬ ላፍስሰው።
ዋንጫው ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በጥር ብርድ፣
ሰባት ሽንፈት ተከታትሎ፣ ሕዝቡ ሲጮህ «ይውረድ! ይውረድ!»
የተደወለው ለአባቴ ነው፤ ምላጩ ያኔ የእሱ ነበር፤
«ቶሎ ና፤ የሉትማን ስም በበሩ ላይ እንዳያድር።»

አባቴ ወጣ። ቁልፉን አዞረ።
አሮጌዋ ፒክአፕ አንዴ አስላችና ዝም።
ሞተሯ ላይ ሙቅ ውሃ አፈሰስን፣ ገፋን፤ እሷ፦ አልነቃነቅም።
ሦስት ቀን ከዜሮ በታች ሠላሳ። መካኒኩ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል።
አባቴ በመስኮት እያየ ይራገማል፤
እኔ ልምምድ ላይ ነኝ፤ ሉትማን ምንም አያውቅም፤
ፊሽካውን እንደ ወትሮው ይነፋል።
በሦስተኛው ማታ አንዲት ኳስ
ቀለበቱን ሁለቴ ዞረችው፣ አመነታች፣
ገባች።
በማግስቱ ቦርዱ «እስቲ ትንሽ እንየው» አለ፤
አባቴም ምላጩን ወደ ሳጥኑ መለሰ፤
ለማንም አልነገረም፤ ለእኔም የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው።
እንግዲህ ክብር የምትሉት፣ ጨርቅ ላይ የጻፋችሁት፣
በብርድ የሞተ ባትሪ ነው።

አሁን ብራንት ኪስሊንግ ከመስተዋቱ ወዲያ ካርቶን ያሽጋል፤
የፕላስተሩ ጩኸት ይሰማኛል።
አሥራ አራት አሸንፎ አሥራ አምስት ተሸነፈ፤ ያቺ አንዷ ናት ዕዳው፤
ኳስ አቀባዩ ልጅ አንጓው ባይሰበር ማን ያውቃል ማን እንደሚረዳው።
በሩን ከፈት አድርጎ «በደንብ ፍቀው» አለኝ፣
«ጥላው እንዳይቀር።»
ጥላው እንደሚቀር አልነገርኩትም።
ከሰዓት ፀሐይዋ ስታዘነብል
ሁሉም እዚያ ናቸው፤ ኦስትገን በሼል ላይ፣ ሼል በዊግንስ ላይ፣
ሰልፍ እንደያዙ ሰዎች።

የሚመጣው ሞንክ ይባላል አሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤
አጭር ስም፤ አሥራ ስድስት ዶላር።

ምላጩን አስጠጋሁ። እጄ ዘገየ።
ማንንም አልከስስም፤ ቦርዱንም፣ ጩኸቱንም።
ጥፋቱ ሌላ ነው፦
ዛሬ ጠዋት መኪናዬ
ገና ቁልፉን ስነካው ተነሳች።